ጣት የማይገባበት ክር

ዛፍ ብርዱን ፈርቶ ከታች በቀረበት፣ ከድንጋይና ከጓሳ ሣር በቀር ምንም በማይበቅልበት ከፍታ ላይ አንድ ሐይቅ ነበር። ስሙ ጥልቁ ይባል ነበር። ሐይቁን የቆፈረው ወንዝ አይደለም፤ በረዶ ነው። ተራራው ከራሱ እስከ ወገቡ በረዶ ለብሶ በኖረበት ዘመን፣ ያ በረዶ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ቁልቁል ሲንሸራተት አለቱን ፍቆ ፍቆ ጎድጓዳ ስፍራ አበጀና በመጨረሻ እዚያው ቀልጦ ቀረ ይላሉ አዋቂዎች። ስለዚህ ውሃው የበረዶውን ጠባይ ወርሷል። ይቀዘቅዛል። ጭቃ አያውቅም። ዳርቻው ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ፣ ጥልቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ወለሉ ላይ የተኛውን ጠጠር አንድ በአንድ ያሳያል። ደግሞም አይመልስም፤ አያበሰብስም። ሰምጦ የወረደ ነገር ከዓመታት በኋላም እንደ ወረደ ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ በዚያ አገር ሁሉን የሚያሳይ ውሃና ምንም የማያይ ሕዝብ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

የሚገዛቸው ቀበሮ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው አንበሳ ያገሣ ነበር፤ ከአንበሳው ቀድሞ የነበረው ነብር ይቧጭር ነበር ይባላል። ቀበሮ አያገሣም፣ አይቧጭርም። ድምፁ ለስላሳ ነው። እንዲያውም በጣም ለስላሳ ከመሆኑ የተነሣ፣ የሚለውን ለመስማት ሁሉም አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ ማጎንበስ ነበረበትና ጉባኤውን ከሩቅ ለሚያይ አገሩ በሙሉ የሚሰግድ ይመስል ነበር። ከቀበሮ ኋላ ጅቦች ይቆማሉ። ጅቦቹ አይናገሩም፤ ይተነፍሳሉ። አገሩ የሚፈራው የቀበሮን ቃል አልነበረም። በአንዱ ቃልና በሚቀጥለው ቃል መካከል የሚሰማውን ትንፋሽ ነበር።

በሐይቁ ውስጥ ዓሣ አለ። ዓሣውን ከዚያ ጥልቀት ማውጣት የሚችሉት ጠላቂዎች ተብለው የሚጠሩት ጥቋቁርና አንገተ ረጃጅም ወፎች ብቻ ናቸው። ቀድሞ ለራሳቸው ይጠልቁ ነበር፤ ከበሉ በኋላ የተረፋቸውን በዳርቻው ለሚኖር ሁሉ ይጥሉለት ነበር። ቀበሮ በነገሠ በዓመቱ ሰበሰባቸው።

«ልጆቼ» አላቸው፤ «እንዲህ ያለ ሐይቅ ተሰጥቶን ሳለ እኔን የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሆዳምነት። ጠላቂ ያየውን ሁሉ ከዋጠ ለነገ ምን ይቀራል? ስለዚህ የጠላቂ ሁሉ አንገት ላይ ክር ይታሰር። ክሩ ማተባችን ነው። ታማኙን ይለያል፤ ሐይቁንም ይጠብቃል።»

ክሩ ከጓሳ ሣር ይገመዳል። አንገት ላይ ሲታሰር ደቃቁን ዓሣ ያሳልፋል፤ ትልቁን አያሳልፍም። ጠላቂው ትልቁን ዓሣ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ያዘ ይወጣና በቀበሮ ድንጋይ ላይ ይተፋዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይጠልቃል። ለራሱ የሚቀረው በክሩ ሥር የሚያልፈው የዓሣ ጫጩት ነው። ጫጩቱ ካለቀ ትልቅ የሚሆን እንደማይኖር ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሁሉም ያውቀው ነበር። ሐይቁ ከዓመት ዓመት ባዶ እየሆነ ሲሄድ በዚያ በጠራ ውሃ ውስጥ በዓይኑ ያየው ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ማየትና መናገር ከተጣሉ ቆይተዋል።

የተጣሉበት ቀን ይታወቃል። አንዲት ጠላቂ ክሩ ጠብቆባት ከጠለቀችበት ሳትመለስ ቀረች። ወለሉ ላይ ክንፏን ዘርግታ ተኛች፤ ከዳርቻው ቁልቁል ለሚያይ ላባዋ ሳይቀር ይታይ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዝይ አያትና «እዚያ ታች የተኛች አለች» አለ። ቀበሮ በርኅራኄ ተመለከተው።

«ዓይንህን ታመሃል፣ ወንድሜ» አለው። «ጅቦቹ ሐኪም ጋ ያድርሱህ።»

ዝይው በሁለት ጅቦች መካከል ሆኖ ከኮረብታው ማዶ ሄደ። ሐኪሙ ማን እንደ ሆነ አልታወቀም፤ ታማሚው ግን አልተመለሰም። በማግስቱ ቁራ በቀበሮ ድንጋይ ላይ ቆሞ «ጥልቁ ምን ይዟል?» ብሎ ጮኸ። የሚመልስ ሲጠፋ ራሱ መለሰላቸው፤ «ውሃ፤ ከውሃ በቀር ምንም።» ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ቁራ ይጠይቃል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ሲመልሱ ሁሉም ወደ ሰማይ ያያሉ። በዚያ አገር የተወለዱ ልጆች ሐይቅ ማለት ዳር ዳሩን የሚሄዱበት፣ ቁልቁል ግን የማያዩት ነገር መሆኑን ገና ላባና ፀጉር ሳያወጡ ይማራሉ። ታች የሚተኙትም እየበዙ ሄዱ።

ክሩን የምታስረው እመት ጭላዳ ነበረች። በአገሩ ውስጥ ክር መቋጠር የሚችል ጣት ያላት እርሷ ብቻ ናት። ወገኖቿ ቀበሮ በነገሠ ጊዜ ገደል ለገደል ተጉዘው ወደ ሌላ አገር ሲሰደዱ፣ እርሷ «እኔ ከሄድኩ በቦታዬ ጨካኝ ይተካል» ብላ ቀረች። የሚተካ ጨካኝ አልነበረም፤ ጨካኝ ሞልቶ ጣት ያለው ስላልነበረ። ይህን እርሷም ታውቀዋለች፤ ግን ብዙ ጊዜ አታስበውም።

ስታስር አንድ ልማድ ነበራት። ትንሿን ጣቷን በክሩና በአንገቱ መካከል ታስገባና በጣቷ ላይ ትቋጥራለች። ከጨረሰች በኋላ ጣቷን ስታወጣ የጣቷ ያህል ቦታ ይቀራል። ያ ቦታ ለአንዱ ጠላቂ የዓመት ትንፋሽ፣ ለሌላው የሁለት ዓመት ትንፋሽ ነበር፤ እንደ አንገቱ አስተዳደግ። ክር አንድ ጊዜ ከታሰረ መፍታት ክህደት ነውና ከዚያ ወዲያ የሚደረግ ነገር የለም። እናቶች ግን በመንገድ ሲያገኟት «ጣትሽ ይባረክ» ይሏታል። እርሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች።

ከጠላቂዎቹ አንዷ ዘለቀች ትባላለች። በኩሯ ወለላ ካገሩ ልጆች ሁሉ ፈጥና ያደገች ነበረች፤ አንገቷም እንዲሁ። የጣቱ ቦታ ቶሎ ሞላባት። አንድ ማለዳ ጠለቀችና ቀረች። ዘለቀች አላለቀሰችም። ለማልቀስ የሞተ ያስፈልጋል፤ ጥልቁ ደግሞ ከውሃ በቀር ምንም አልያዘም። ከዚያ ወዲህ ስትጠልቅ ከሐይቁ የምሥራቁን ዳር ትሸሻለች እንጂ ምንም የተለየ ነገር አላሳየችም። አሁን የቀረቻት አንዲት ልጅ፣ ብርቄ ናት። ብርቄ በዚህ ዓመት ለክር ደርሳለች። አንገቷ ልክ እንደ እኅቷ ነው።

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራ ሰሞን፣ የክር ማሰሪያው ቀን ሲቃረብ፣ ቀበሮ ድንጋዩ ላይ የተተፋውን ዓሣ አየ። አንድ ሁለት የከሱ ዓሣዎች ነበሩ። እመት ጭላዳን አስጠራት።

«እኅቴ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አላት።

ዘረጋችለት። ጣቶቿን በየተራ ተመለከተና ትንሿ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህች ናት?»

«ምን አደረገች ጌታዬ?»

«ሐይቄን በላችው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሕዝቤን ጦም ማደር ሳስብ፣ በዚህች ጣት ቦታ ዓሣ ሲያልፍ ኖሯል።» ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «አልቆጣሽም። ደግነት ያመጣው ነው። ዘንድሮ ግን ጣት አይግባ። ካሰርሽ በኋላ ጅቡ በጥርሱ ይፈትናል። ጥርስ የሚገባበት ክር ካገኘ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእርሱ እተዋለሁ።»

ይህን ብሎ ጣቷን በምላሱ ጫፍ ነካ አደረጋት፣ ለመሰነባበት ይመስል። ከኋላው ያለው ትንፋሽ ሞቃት ነበር። እመት ጭላዳ ከዚያ እስክትርቅ ድረስ እጇን አልሰበሰበችም፤ መሰብሰብ የተፈቀደ መሆኑን አላወቀችም።

ቁራ አዋጁን ነገረ። በዚያው ሳምንት ጉም በወረደ ዕለት ሕዝቡ ከሐይቁ በላይ ባለው ቋጥኝ ሥር ተሰበሰበ። በጉም መሰብሰብ የቆየ ልማዳቸው ነው። ጉሙ ተናጋሪውን ከሰሚው ይሸሽጋል፤ ስምም አይጠራም። እርግጥ ሁሉም የሁሉንም ድምፅ ያውቃል። ሆኖም እንደማያውቅ መሆን በዚያ አገር እንደ ጨዋነት ይቆጠር ነበር።

«በመጀመሪያ» አለ አንድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፤ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የሚናገር ከአባ ሽኮኮ በቀር ማንም የለም፤ «በመጀመሪያ ጌታችን ለሐይቁ ስላላቸው አሳቢነት ምስጋና እናቅርብ።»

«አመስግነን እስክንጨርስ ጉሙ ይነሣል። ቶሎ በል» አለች አንዲት። ይህች ደግሞ እመት ዝይ ናት፤ ሐኪም ጋ የሄደው ሽማግሌ ሚስት።

«ለማን ነው ቶሎ በል የምትይው? ስም አንጠራም ተባብለናል።»

«ማን ስም ጠራ? አባ ሽኮኮ ብዬሃለሁ እንዴ?»

በጉሙ ውስጥ ጥቂት ሣቅ ተሰማና ወዲያው ተቆረጠ። የሣቀው ሁሉ ሣቁ እንደሚታወቅ ትዝ አለው።

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ጸጥ ያለ ነበር። «እኔ የምለው» አለች ዘለቀች፤ «ጣት ይግባ አይግባ ማለት ምንድን ነው? ክሩ ራሱ ይቅር። ዓሣውን የጨረሰው ጉሮሯችን አይደለም፤ ክሩ ነው። ትልቁን ከልክሎ ጫጩቱን አስበላን። ክሩ ቢፈታ ትልቁን በልተን ጫጩቱን እንተወዋለን፤ ያድጋል። ይህን የማያውቅ እዚህ አለ? እኔ አንዲት ልጅ ነው የቀረችኝ። በዚህ ሳምንት አንገቷን ልትሰጥ ነው።»

ጉሙ ከፊት ለፊታቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በዝምታው ውስጥ አንድ ከባድ ትንፋሽ የተሰማቸው መሰላቸውና ሁሉም የራሱን ትንፋሽ ያዘ። ትንፋሹም ቆመ። ለካ የሁላቸውም ነበር።

«ይህ ንግግር እንዳልተሰማ ይሁን» አለ አባ ሽኮኮ። «ሐሳቡ መጥፎ ነው አልልም። ጊዜው አይደለም።»

«ልክ ነው» አለ ሌላው። «ክሩ ይቅር ብንል ያስቆጣል። የቀድሞው ጣት እንዲመለስልን እንለምን።»

«ሙሉ ጣትም ቢሆን ድፍረት ነው። ጌታችን ተከለከለ ብለው ተናግረዋል፤ ቃላቸውን እንዲያጥፉ ልንጠይቃቸው ነው? ግማሽ ጣት ብንል ግን ቃላቸውም ይጸናል፣ እኛም አንድ ነገር አገኘን እንላለን።»

«ግማሽ ጣት ስንት ነው?»

«እስከ አንጓው።»

«ጥፍሩ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?»

በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራከሩ። ከክሩ ይልቅ፣ ከሐይቁ ይልቅ፣ ከብርቄ አንገት ይልቅ ስለ ጥፍሩ የተነገረው በለጠ፤ ስለ ጥፍር መናገር አያስፈራምና። በመጨረሻ ጥፍር ሳይጨመር እስከ መጀመሪያው አንጓ እንዲለመን ተስማሙ። መልእክቱን ማን ያድርስ ሲባል፣ ለጌታችን ጆሮ የምትቀርበው እርሷ ናት ብለው እመት ጭላዳን መረጡ። እስከዚያ ድረስ እዚያ መኖሯን ማንም አልተናገረም ነበር። ከጉሙ ውስጥ «እሺ» የሚል ድምፅ ብቻ መጣ።

«ግማሽ ጣት» አለች እመት ዝይ። «ባሌ ይህን ሳይሰማ መሄዱ እንዴት ያለ ዕድል ነው።»

ያኔ ጉሙ ተነሣ። እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ተገፈፈ። ሁሉም ፊት ለፊት ተያዩ። ከራሳቸው በላይ፣ ቋጥኙ ጫፍ ላይ፣ ቁራ ላባውን በአፉ እያስተካከለ ተቀምጧል።

«እንዴት አደራችሁ» አላቸው።

በክሩ ቀን ዋዜማ እመት ጭላዳ ከሐይቁ ዳርቻ ተቀምጣ ጓሳ ትገምድ ነበር። ዘለቀች በእግሯ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«እመት ጭላዳ፣ ነገ ያን አንጓ ይለምኑልናል?»

«እለምናለሁ።»

«ቁራ ቀድሞ ነግሯቸዋል።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም እለምናለሁ።»

«የብርቄን አንገት አይተውታል? የእኅቷ ነው።»

«የየትኛዋ እኅቷ?» አለች እመት ጭላዳ። ልማድ ያወጣው ቃል ነበር። ከአፏ ከወጣ በኋላ ሰማችው።

«እንዲህ ማለት ለእርስዎም ቀሎዎታል» አለች ዘለቀች። «እኔ አንድ ጊዜ ቁልቁል አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ወለላ በምሥራቁ ዳር ከነክሯ ተኝታለች። ክሩ አልበሰበሰም። የእጅዎን ቋጠሮ ከላይ ሆኜ ለየሁት፤ እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሌላ የለማ። አላስፈራራዎትም፤ እኔ ማንን አስፈራራለሁ? ነገ ብርቄን ሲያስሯት ግን እንደ ሌሎቹ ወደ ሰማይ አላይም። እጅዎን ነው የማየው።»

ከሄደች በኋላ እመት ጭላዳ የጀመረችውን ክር ገምዳ ጨረሰች። ከዚያ ዳርቻው ላይ በአራት እግሯ ተንበርክካ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያላደረገችውን አደረገች። ቁልቁል አየች። ነፋስ አልነበረም። ውሃው ምንም አልሸሸገላትም። ብዙ ጥቋቁር ክንፎች በጠጠሩ ላይ ተዘርግተው ነበር። ሁሉም ማተባቸውን እንዳሰሩ ናቸው፤ ቋጠሮዎቹም ሁሉ የእርሷ ነበሩ፣ ንጹሕና የተስተካከሉ። ባለሙያ መሆኗን ከዚያ የበለጠ የሚመሰክርላት ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ አገሩ በሙሉ ዳርቻው ላይ ቆመ። ቁራ «ጥልቁ ምን ይዟል?» አለ። «ውሃ፤ ከውሃ በቀር ምንም» አሉ ወደ ሰማይ እያዩ። ቀበሮ በድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እመት ጭላዳን ወደ እርሱ ጠቀሳት።

«እኅቴ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ አሉ። ስለ አንድ አንጓ።»

ሕዝቡ ያን ጊዜ ከሰማይም ከምድርም ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ምንም የለኝም ጌታዬ» አለች።

አባ ሽኮኮ በረጅሙ ተነፈሰ። ልመናው ባለመቅረቡ ያልተደሰተ አልነበረም ብል ሐሰት አይሆንብኝም፤ ከዘለቀች በቀር።

ለአካለ መጠን የደረሱት ጠላቂዎች አንድ በአንድ ቀረቡ። እመት ጭላዳ አሰረች። ጣቷን አላስገባችም። እያንዳንዱ ከታሰረ በኋላ ጅቡ አፉን ከፍቶ የፊት ጥርሱን በክሩ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፤ ይገፋል፤ ልጁ ዓይኑን ይጨፍናል። ጥርሱ አይገባም። ቀበሮ ራሱን በመስማማት ይነቀንቃል።

የብርቄ ተራ ደረሰ። እናቷ ከኋላ ሆና እጆቹን ታይ ነበር።

«ያማል?» አለች ብርቄ።

«ያማል። ጥቂት» አለች እመት ጭላዳ። ክሩን ሁለት ጊዜ ጠመጠመች። ከዚያ ጫፉን በቋጠሮው ውስጥ አላሳለፈችውም፤ አጥብቃ ስባ ከሥር ወተፈችው፤ ከብርቄ በፊት ለታሰሩትም ሁሉ ያደረገችው እንዲሁ ነበር። ክሩ ደረቅ ሳለ ድንጋይ የያዘው ያህል ይጠብቃል። ውሃ ሲጠጣ ግን ጓሳው ይለሰልስና ጫፉ ይሾልካል። ይህን አገሩ ውስጥ የሚያውቅ ጣት ያለው ብቻ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ከገባሽ በኋላ አንገትሽን ወደ ግራ ጠምዝዢው» አለቻት፤ ለሁሉም የነገረቻቸውን።

ጅቡ መጣ። ጥርሱን አሳረፈ። ገፋ። ጅቡ ደጋግሞ ገፋና ተወት አደረጋት።

«ግቡ ልጆቼ» አለ ቀበሮ።

ጠለቁ። ሕዝቡ እንደ ሥርዓቱ ወደ ሰማይ አየ። ወደ ውሃው ያዩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ዓሣውን የሚጠብቀው ቀበሮ፣ ዘለቀች፣ እመት ጭላዳ። በጠራው ውሃ ውስጥ ጥቋቁሮቹ አካላት እያነሱ እያነሱ ሲወርዱ ይታያሉ። ዘለቀች በሆዷ ትለምን ነበር፤ ምን ብላ እንደምትለምን ግን ራሷም አታውቅም፤ ክሩ ቢፈታ ጅቡ አለ፣ ባይፈታ ሐይቁ አለ።

አንድ ነገር ከታች መጣ። ቀለል ያለ፣ ክብ ነገር ነው። ውሃው ላይ ብቅ ብሎ ተንሳፈፈ። የጓሳ ክር ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። ትንሹ ማዕበል አንዱን ወደ ዳርቻው እየገፋ አምጥቶ አባ ሽኮኮ እግር ሥር አስቀመጠው።

ብርቄ ወጣች። በአፏ ውስጥ ትልቅ ዓሣ ይዛ ነበር፤ ምናልባት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ወደ ቀበሮ ድንጋይ አልመጣችም። ውሃው ላይ እንዳለች አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ዋጠችው። አንገቷ አበጠ፤ እብጠቱ ቀስ እያለ ወረደ፤ ጠፋ። የመዋጡን ድምፅ ሁሉም ሰማ።

ጅቦቹ መተንፈስ አቆሙ። ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

«አባ ሽኮኮ» አለ ቀበሮ፤ ሁሉም ለመስማት አጎነበሰ። «እግርህ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

አባ ሽኮኮ ወደ እግሩ አላየም። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ክር ነው ቢል፣ ከጥልቁ የወጣ ነገር አየሁ ማለት ነው፤ ነገር የሚያዩ የት እንደሚታከሙ ያውቃል። ክር አይደለም ቢል ደግሞ ጌታው ያየውን መካድ ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት በየማለዳው ያለውን፣ አፉ ሳያስብ የሚያውቀውን አለ።

«ው... ውሃ ነው ጌታዬ። ከውሃ በቀር ምንም።»

ከጎኑ ያለው ተከተለው። ከዚያም ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ወደ ሰማይ እያዩ፣ «ውሃ፤ ከውሃ በቀር ምንም» አሉ። ጀግንነት አልነበረም። ከፍርሃት ሌላ ምንም አልነበረበትም። እመት ዝይ ብቻ ትንሽ ዘግየት ብላ፣ ቃሉን እያጣጣመች ተናገረችው።

ቀበሮ ክሮቹ አሉ ቢል፣ በጥልቁ ውስጥ ከውሃ ሌላ ነገር አለ ብሎ የመጀመሪያው ተናጋሪ እርሱ ሊሆን ነው። የሉም ቢል፣ የተፈታ አንገት የለም፤ የሚቀጣም የለም። ከሕዝቡ ወደ እመት ጭላዳ፣ ከእርሷ ተመልሶ ወደ ሕዝቡ አየ። ከዚያ በዘመነ መንግሥቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ።

«ዕውሮች። ዝቅ ብላችሁ እዩ።»

ትእዛዝ ነበር። ትእዛዝ አለመፈጸም ደግሞ አያውቁበትም። ሁሉም አንገቱን ከሰማይ አወረደና አየ። ተንሳፋፊዎቹን ክሮች ሊያሳያቸው ነበር ያዘዘው፤ ነገር ግን በእንደዚያ ያለ ውሃ ላይ ዓይን ከላይ አይቆምም። ክሮቹን አልፎ ወረደ።

«ያቺ ወለላ ናት» አለች ዘለቀች። በጣም በዝግታ ነበር፤ የሚተኛ እንዳይነቃ የምትፈራ ይመስል። «በምሥራቅ ያለችው። ልጄ ናት።»

ሌላዋ እናትም የራሷን ለየች፤ ሌላውም እኅቱን። ስም በስም ላይ እየወደቀ በውሃው ዳር ዳር ሄደ። እመት ዝይ ከቀበሮ ድንጋይ ሥር፣ ጥልቀቱ ከሁሉ በሚብስበት ስፍራ፣ ነጭ የዝይ ላባ አየች። ብዙ ተመለከተችው።

«ሐኪም ቤቱ እዚህ ነበር ለካ» አለች።

«ይበቃል» አለ ቀበሮ፤ ድምፁን ወደ ቀድሞው ልስላሴ መልሶ። «ቀና በሉ።»

ማንም ቀና አላለም። ምናልባት አልሰሙት ይሆናል፤ ሲናገር ለመስማት ወደ እርሱ ማጎንበስ ያስፈልግ ነበርና፣ ያን ጊዜ ሁሉም ያጎነበሰው ወደ ውሃው ነው። ቀበሮ ቁራን ጠቀሰው። ቁራ ክንፉን ሰብስቦ ቆመና «ጥልቁ ምን...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ እርሱም ከድንጋዩ ጫፍ ወደ ታች አየ፤ የጀመረውንም አልጨረሰም።

የጠለቁት ሁሉ እየተከታተሉ ከውሃው ወጡ፤ ብርቄም በእናቷ ክንፍ ሥር ቆመች፤ ባዶ አንገቷ ያብለጨልጭ ነበር። እመት ጭላዳ ትንሿን ጣቷን በሌላው እጇ ውስጥ ሸሽጋ፣ የሚመጣውን ትጠብቅ ነበር።

በዚያ ዝምታ መካከል ጅቦቹ እንደገና መተንፈስ ጀመሩ። ትንፋሹ ቀረበ። ወደ ማን ፊቱን አዙሮ እንደ ቀረበ፣ ወደ ሕዝቡ ይሁን ወደ ድንጋዩ፣ ያን ማለዳ ከውሃው ላይ ዓይኑን አንሥቶ ያየ አልነበረም።